የውሃ አባቱ ቀጠሮ

አንድ ሰው ነበረ፤ ዕድሜውን የሰው ቦይ ሲያስጠርግ ኖሮ የራሱ ሆድ ውስጥ ያለው ቦይ ተዘጋበት።

አትሳቅ፣ አንተ ይበልጣል። የጠየቅኸኝን አልረሳሁም። «ጋሼ፣ አስታርቃችሁናል፣ ታርቀናል፣ ቤታችን ሰላም ነው። ታዲያ በየሦስት ወሩ ሽማግሌ ፊት ኑና ተቀመጡ የምትሉን ለምንድን ነው? ደህና ነን እኮ!» ነው ያልከኝ። ከልጃችሁ ቀብር በኋላ አንተና ሚስትህ እናና አንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ዓመት ሙሉ ተኳርፋችሁ ስትኖሩ፣ መሃል ገብተን ያነጋገርናችሁ እኛ ነን። ስለዚህ ብትጠይቀኝ አልቀየምም። ግን በቀጥታ ብመልስልህ ትከራከረኛለህ፤ አውቅሃለሁ፣ አባትህም እንዲሁ ነበር። እንግዲያው አርፈህ ቁጭ በልና ሰውየውን ስማ።

ሰውየው የውሃ አባት ነበር። በእነሱ አገር ከወንዝ የተጠለፈ አንድ ረጅም ቦይ አለ፤ አርባ የሚሆን ገበሬ በጋውን ሽንኩርትና ድንች የሚያለማው በዚያ ነው። ቦዩን ማን ከየት እስከ የት እንደሚጠርግ፣ ውሃው ዛሬ ለማን ነገ ለማን እንደሚለቀቅ የሚወስን አንድ ሰው ገበሬው መርጦ ይሾማል፤ የውሃ አባት የሚሉት እሱን ነው። ድርሻውን ሳይጠርግ የቀረ ሰው ተራው ይዘለላል፤ ሽንኩርቱም ዐይኑ እያየ ይደርቃል። ይሄ ሰው ሹመቱን አሥራ ስምንት ዓመት ይዞታል። ኃይለኛ ነበር፤ ግን አያዳላም። የገዛ ወንድሙን ተራ ሁለት ጊዜ ዘሎታል። እናታቸው መጥታ ብትለምነው እንኳ «እማዬ፣ ቦዩ ወንድምና ባዕድ አያውቅም» ብሎ መለሳት።

አንድ ዓመት ግንቦት ላይ ገላውን ያሳክከው ጀመር። ቁንጫ ወይ ትኋን እንደነካው ያለ ማሳከክ አይደለም፤ ከውስጥ ነው የሚበላው። ጀርባውን ከቤቱ ምሰሶ ጋር እየፈተገ ቆዳው ተላጠ። ቀጥሎ ሽንቱ እንደ ጠላ ጠቆረ። ከዚያ አንድ ቀን ሚስቱ በር ላይ አቁማ ፊቱን ወደ ፀሐይ አዞረችና «እንዴ! አንተ ሰውዬ፣ ዐይንህ ምን ሆኗል?» አለችው። ቢጫ ሆኗል።

ሰፈሩ ሐኪም አልጠበቀም፤ ወዲያው የወፍ በሽታ ነው ብሎ ፈረደ። መቼም ታውቃለህ፤ እኛ ዘንድ የወፍ በሽታ የያዘው ሰው መርፌ ከነካው አለቀለት ይባላል። ማን እንዳለው እንጃ፤ ብቻ ሁሉም ያውቀዋል። ሐኪም ቤት ደግሞ መርፌ አለ። ስለዚህ ሰውየው ወንዝ ተሻግሮ መድኃኒት አዋቂ ዘንድ ሄደ። አዋቂው ክንዱን ተኮሰው፣ መራራ ቅጠል ጨምቆ አጠጣው፣ ቅባት እንዳትቀምስ ብሎ መለሰው። እንዲህ እያለ ሰኔ አለቀ። ቢጫው ወደ አረንጓዴ ዞረ፤ ሱሪው ከወገቡ አልቆም አለ። አርባ ገበሬ ሲያንቀጠቅጥ የኖረ ሰው ከደጃፉ እስከ አጥሩ ለመሄድ ሁለት ጊዜ መቀመጥ ጀመረ።

በመጨረሻ ሚስቱ ቆረጠች። «መርፌው የሚገድልህ ከሆነ ይግደልህ! እኔ ግን እንዲህ ቁጭ ብዬ ስትጠፋ አላይም» አለችና ጎትታ ከተማ ወዳለው ትልቁ ሆስፒታል ወሰደችው።

ያየችው ሐኪም ልጅ እግር ነበረች። ሆዱን በመሣሪያ ከመረመረች በኋላ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። «ጋሼ፣ የወፍ በሽታ ብለው የያዙት ነገር ጠጠር ነው» አለችው። ጉበት ሐሞት ያመነጫል፤ ሐሞቱ በቀጭን ቧንቧ ወደ አንጀት ይወርዳል። እሱ ቧንቧ ላይ ጠጠር ተቀርቅሯል። ሐሞቱ መውረጃ ሲያጣ ወደ ደም ይመለሳል፤ ዐይኑን ቢጫ ያደረገው፣ ገላውን የሚያሳክከውም እሱ ነው። እንዲህ እንዲህ ብላ አስረዳችው።

ሰውየው ከሌላው በሽተኛ ሁሉ ቶሎ ገባው። «ቦዩ ተደፍኖ ውሃው ማሳ ላይ ተኛ በይኛ» አላት።

«በትክክል!» አለችው፤ ሳቀችም።

መርፌ ወጉት። አልሞተም። ማደንዘዣ ሰጥተው አስተኙት፤ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው እንደ ገመድ የሚተጣጠፍ መሣሪያ በአፉ አሳልፈው፣ ጨጓራውን ተሻግረው፣ የሐሞቱ ቧንቧ ከአንጀት ጋር የሚገናኝበት ደረሱ። ሆዱን በቢላ አልነኩትም። ነቅቶ ሆዱን ቢዳብስ ስፌት የለም፤ እንዲያውም ያታለሉት መስሎት ነበር።

ሐኪሟ መጥታ የሆነውን ሁሉ ነገረችው። «ጠጠሩ ትልቅ ነው፤ ዛሬ በግድ ብናወጣው ቧንቧውን እንቀደው ነበር። ስለዚህ በጎኑ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ አስገብተናል። ሐሞቱ አሁን በቱቦው ውስጥ ይወርዳል። ግን ይስሙኝ ጋሼ፤ ቱቦው መሸጋገሪያ ነው፣ ጠጠሩ እዚያው አለ። ቱቦውም ራሱ እየዋለ እያደረ ይደፈናል። በሦስት ወሩ፣ ጥቅምት ሃያ ይምጡ። ቱቦውን እንቀይራለን፣ ጠጠሩንም እንሞክረዋለን። አደራ፣ ደህና ነኝ ብለው እንዳይቀሩ!»

«ምን በወጣኝ እቀራለሁ?» አላት። ከልቡ ነበር ያላት።

ከዚያማ ምን ልበልህ! በሦስተኛው ቀን ማሳከኩ ተወው። በሁለት ሳምንት ሽንቱ ጠራ። መስከረም ሲጠባ ዐይኑ እንደ ሕፃን ዐይን ነጥቶ ነበር። ለመስቀል ሥጋ በላ፣ ዘፈነ፣ ወጣቶቹን በትግል ገጠማቸው። ያየው ሁሉ «እሰይ! ከሞት ተረፍክ» ይለዋል፤ እሱም «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ይላል። ሚስቱ የቀጠሮውን ወረቀት ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የማርያም ሥዕል ጀርባ ሰክታዋለች። እሱ ወረቀቱን አንድ ቀንም አውጥቶ አላየውም።

ጥቅምት ሃያ ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ሚስቱ ስንቅ ማዘጋጀት ጀመረች።

«ለማን ነው?» አላት።

«ለማን ይሆናል! ቀጠሮህ አይደለም እንዴ?»

«ኧረ ተይኝ! ምን ሆኜ ነው ሐኪም ቤት የምሄደው? እንደ በሬ እየበላሁ፣ እንደ በሬ እየሠራሁ? ደግሞስ የቦይ ጠረጋ ደርሷል። እኔ ከሄድኩ ማን ያስጠርጋል? ጠረጋው ይለቅና እሄዳለሁ።»

ሰበቡ ይሄ ነበር፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። ሰውየው ፈርቶ ነበር። ያ ገላ የሚበላ ማሳከክ፣ ያ ከአጥር እስከ ደጃፍ መዳከም ትዝ ሲለው ይዘገንነዋል። ሐኪም ቤቱ ከሄደ የተኛውን በሽታ የሚቀሰቅሰው መሰለው። ካልነካሁት አይነካኝም አለ በልቡ። እንዲህ የሚያስብ ሰው እሱ ብቻ እንዳይመስልህ።

ኅዳር ገባ፣ ጠረጋው ተጀመረ። አርባው ገበሬ አካፋና ዶማውን ይዞ በየድርሻው ተሰለፈ። ከቦዩ ራስ አጠገብ ማሳ ያለው አንድ ገበሬ ብቻ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጧል። ውሃው እሱ ዘንድ ነው ቀድሞ የሚደርሰው፤ ጠግቦ የሚኖር የራስጌ ሰው ነው።

የውሃ አባቱ መጣ። «ድርሻህ እኮ ነው፤ ምን ትጎለታለህ?» አለው።

«ምኑን ልጥረገው? እየው፣ ውሃው እየወረደ ነው! የተዘጋ ነገር የለም። ሲዘጋ ጥራኝ፣ እመጣለሁ።»

እውነቱን ነው፤ ከክረምት የተረፈ ውሃ በቦዩ ይወርድ ነበር፤ ላዩ ጥርት ያለ። የውሃ አባቱ ጋቢውን ጣለና ቦዩ ውስጥ ገባ። እጁን እስከ ክርኑ አስጠልቆ ከሥር አንድ ጭብጥ ዝቃጭ ዛቀና የሰውየው እግር ሥር ዘጭ አደረገው።

«ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ ጮኸበት። «ደለል አይደለም? የቦዩ ግማሽ ደለል ነው! አንተ የምታየው ላዩን ነው። ቦይ የሚጠረገው ውሃ እየወረደ ነው፤ ከቆመ በኋላማ ማሳህ ደርቆ፣ የሰው ማሳ ደርቆ፣ ጭቃ ስትዝቅ ትውላለህ። ሲዘጋ ጥራኝ ይለኛል እንዴ! በል የመጀመሪያ ተራህ ተዘሏል።»

የራስጌው ገበሬ አፉን ያዘ። ሌላው ሁሉ አቀርቅሮ አካፋውን ማንሳት ሆነ። የውሃ አባቱ ሚስት ምሳ ይዛ መጥታ ቆማ ነበርና ሁሉንም ሰምታለች። እጁን ልታስታጥበው ጠጋ አለችና ቀስ ብላ «አሁን ለሰውየው የነገርከውን ለራስህ ብትነግረው ምን አለ?» አለችው።

«ምኑን?»

«ቀጠሮህ ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆነ።»

ሰው ሰማ አልሰማ ብሎ ዞር ዞር አለ። ቆሽቱ አረረ። «እኔ ቦይ ነኝ?» ብሎ ጮኸባት። «ንገሪኝ እስቲ፣ እኔ ቦይ ነኝ ወይ?»

ምሳውን አቅርባለት ሄደች። እሱም በላ፤ ደህና አድርጎ በላ።

በአምስተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይ አናት በሚበሳበት ሰዓት ብርድ ብርድ አለው። ጋቢውን ደረበ። አልሞቀውም። የሌላ ሰው ጋቢ ጨመሩለት። ጥርሱ ይንገጫገጭ ጀመር፤ ከዚያ መላ አካሉ ተንቀጠቀጠ። የቀኝ ጎኑን ይዞ ቦዩ ዳር ተንበረከከ። ቀና ሲያደርጉት ዐይኑ እንደገና ቢጫ ሆኗል።

ቃሬዛ አበጁለት። አስፋልቱ ድረስ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፤ በአራት በአራት ሰው እየተቀያየሩ ነው የሚሸከሙት። የራስጌው ገበሬ ግን አልቀየርም አለ፤ ከመነሻ እስከ መድረሻ አንዷን ጫፍ እሱ ያዘ። ዳገቱ ላይ ትንፋሽ ለመሰብሰብ ሲያሳርፉት ጎንበስ አለና ላቡን ጠረገለት።

«የውሃ አባት» አለው። «ሲወርድ ነው የሚጠረገው ብለኸኝ አልነበረም?»

ሊያሾፍበት አልነበረም። ዐይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። የውሃ አባቱ ሰማው። ሚስቱን ፈለገ። ከቃሬዛው አጠገብ ጫማዋን በእጇ ይዛ ትሮጣለች። ያን ጊዜ ነው እንደሚሞት የታወቀው። ሞቱን እንኳ እሺ፤ ግን «እኔ ቦይ ነኝ ወይ?» ብሎ ሰው ፊት የጮኸባት ለእሷ የተናገረው የመጨረሻ ቃል እንዳይሆን ፈራ። ከዚያን ቀን ወዲህ በደንብ አላነጋገራትም ነበር።

ሁለት ቀን ራሱን አላወቀም። ቱቦው ተደፍኖ የቆመው ሐሞት መርቅዞ፣ ደሙን መርዞት ነበር። እንደ ደረሰ በዚያው መሣሪያ ገብተው የተደፈነውን ቱቦ አወጡ፣ አዲስ አስገቡ፤ መድኃኒቱን በደም ሥሩ አንጠባጠቡለት። በሦስተኛው ቀን ዐይኑን ሲገልጥ ሚስቱ እግርጌ ቁጭ ብላለች። መጀመሪያ ያለው ነገር «ይቅር በይኝ» ነው። ሁለተኛው «ጠረጋውስ?» የሚል ነበር።

«አለቀ» አለችው። «የራስጌው ሰውዬ ተመልሶ አስጨረሰው።»

አየህ፣ እኔ ከሌለሁ ይቆማል ያለው ሥራ አልቆመም። ሊቆም የነበረው እሱ ነው።

ሐኪሟ ስትመጣ አልተቆጣችውም። እንድትቆጣው ፈልጎ ነበር። «ያወጣችሁትን አሳዪኝ» አላት። በትንሽ ብልቃጥ አመጣችለት። ጣት የምታህል፣ የገብስ አገዳ የመሰለች ቱቦ ናት። ብርሃን ላይ ያዛትና በቀዳዳዋ ሊያይ ሞከረ፤ ወዲያ ማዶ አይታይም። በጥፍሩ ጫፏን ጫን ቢላት ጥቁር ዝቃጭ ብቅ አለ። አሥራ ስምንት ዓመት የሚያውቀው ነገር ነው።

«ደለል» አለ።

«አዎ ጋሼ፣ ደለል ነው።»

«ሲደፈን እንዴት አላወቅሁም? ገላዬ አይደለም እንዴ?»

«ቀስ እያለ ነው የሚደፈነው። ጠብታ እስካለፈ ድረስ ሰውነት ይችለዋል፤ እርስዎም ደህና ነኝ ይላሉ። እውነትም ደህና ነዎት፤ እስከሚቆምባት ቀን ድረስ። ለዚህ ነው ቀጠሮ የምንሰጠው። ሲያምዎት ይምጡ ማለት አቅቶን አይደለም።»

የሚቀጥለው ቀጠሮ የካቲት ላይ ነበር። አንድ ቀን ቀድሞ መጥቶ የሆስፒታሉ በር ላይ ተገኘ። ጠጠሩ በስድስት ወር ውስጥ በቱቦው እየተፋቀ፣ እየተሸረፈ አንሶ ነበር። ፈጭተው አወጡት። ቱቦውንም አወጡት። «ከዚህ በኋላ ቱቦ አያስፈልግዎትም» አለችው። ሰውየው ዛሬም አለ፤ ጉልበቱ እንደ ድሮው አልተመለሰም፤ አካፋ አይዝም፤ ቦዩ ዳር ተቀምጦ ያዛል። ያችን ብልቃጥ በኪሱ ይዞ ይዞራል። «ውሃው እየወረደ ነው» የሚለው ገበሬ ካለ፣ አውጥቶ ያሳየዋል።

ሰውየው ይኸው ነው፣ ይበልጣል። አሁን ወደ አንተ ልዙር።

አንተና እናና ሁለት ዓመት ቢጫ ሆናችሁ ኖራችኋል። እኛ ሽማግሌዎቹ ምን አደረግን? ቱቦ አስገባን። ጠጠሩን አላወጣነውም፤ ትልቅ ነበር፤ ያን ቀን ብንነካው ትቀደዱ ነበር። በጎኑ ቀጭን መንገድ ከፈትንላችሁ። በዚያ መንገድ አሁን ምን እንደሚወርድ ልንገርህ? «በሬው ውሃ ጠጣ ወይ?» ይወርዳል። «ጨው አልቋል» ይወርዳል። «ነገ ገበያ ነኝ» ይወርዳል። ጥሩ ነው፤ አልንቀውም፤ ከሞት ያተረፋችሁ እሱ ነው። አንተ ይህን ይዘህ ነው ደህና ነን የምትለኝ። ሰውየውም ደህና ነኝ ሲል አልዋሸም።

ባለፈው ወር እናና ለአራት ቀን ብላ እናቷ ዘንድ ሄዳ አሥራ ሁለት ቀን ቆየች። ለምን ቆየሽ ብለህ ጠየቅሃት? አልጠየቅሃትም። እሷስ ስትመጣ ነገረችህ? አልነገረችህም። ሁለታችሁም ሰላማችን እንዳይደፈርስ ብላችሁ ዝም አላችሁ። ደለሉ እንግዲህ እሱ ነው።

ጠጠሩንም ታውቁታላችሁ። ልጅቱ ስታተኩስ አንተ «ነገ ጠዋት እንወስዳታለን» አልክ፤ እናናም «እሺ» አለች። ነገ ሳይደርስላችሁ ቀረ። ከዚያን ቀን ወዲህ አንተ «እሺ ባትል ኖሮ» ትላለህ፤ እሷ «ነገ ባይል ኖሮ» ትላለች። ከዚያም በታች ሁለታችሁም የምትከሱት የየራሳችሁን ነፍስ ነው። ይሄን እርስ በርስ ስላልተነጋገራችሁ የልጅቱን ስም ቤታችሁ ውስጥ የሚጠራ ጠፋ። የሞተችው አንድ ጊዜ ነው፤ በዝምታ የምትቀብሯት ግን በየቀኑ ነው። በየሦስት ወሩ ኑ የምንላችሁ ልንቆጣጠራችሁ እንዳይመስልህ። ጠጠሩ በአንድ ቀን አይወጣም፤ እስኪያንስ፣ እስኪሸረፍ መንገዱ ክፍት መቆየት አለበት። የወጣ ቀን እኛም እናርፋለን፣ እናንተም ታርፋላችሁ፤ ማንም ኑ አይላችሁም።

ተቀመጥ፣ የት ትነሳለህ! አልጨረስኩም።

ስሟን በል እስቲ። አሁን፣ እዚህ፣ ለእኔ። እኔማ አውቀዋለሁ፤ ክርስትናዋ ላይ ነበርኩ። ከአንተ አፍ መስማት ፈልጌ ነው።

እህ? ጆሮዬ ደክሟል፤ ከፍ አድርገው።

ትርንጎ።

አዎ። ትርንጎ። አየህ? ጠራሃት፤ አልሞትክም። በል አሁን ተነስና ሂድ፤ ለእኔ የጠራኸውን ለእናቷ ጥራላት። ብታለቅስም አትሽሽ፤ አብረሃት አልቅስ። ቅዳሜ ደግሞ ይዘሃት ና፤ ቀጠሯችሁ ነው።